መቀበልም ሥራ ነው

(ላፍቶ ውስጥ ለሕዝብ ከቀረበ ንግግር)



የተሰበሰብንበት ክፍለ ከተማ ስሙ ነፋስ ስልክ ላፍቶ ነው። ገመድ ሳይዘረጋ ወሬ የሚያደርስ መሣሪያ ወደ አገራችን ሲገባ፣ ወገኖቻችን የውጭውን ስም ብቻ ይዘው አልቀሩም። «የነፋስ ስልክ» አሉት፤ ጣቢያው የቆመበት ሰፈርም በዚያው ስም ተጠራ። አዲስ ነገር ሲመጣ በራሳቸው ቋንቋ ስምና ቦታ ሰጡት ማለት ነው። ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ከዚህ ጋር ይገናኛል። ሌሎች በሠሩት የጋራ ዕቃ ውስጥ ለራሳችን ስም፣ ለራሳችን ዘመን አቆጣጠር እንዴት ቦታ እናገኛለን? የጋራ ዕቃውስ እንዳይበላሽ ማን ይጠብቀዋል?

ዕቃው የዋቢ አጻጻፍ ደንቦች የተከማቹበት ግምጃ ቤት ነው። ከመጽሐፍ ወይም ከጥናት መጨረሻ «ዋቢ ጽሑፎች» የሚል ዝርዝር አለ። ደራሲው ማን ነው፣ መቼ ታተመ፣ የት ታተመ የሚለውን ይናገራል። ይህ ዝርዝር በምን ቅደም ተከተል፣ በምን ሥርዓተ ነጥብ ይጻፍ የሚለው የየመጽሔቱና የየትምህርት ክፍሉ ደንብ ነው። ደንቦቹ ብዙ ናቸው። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩትን ተርጉሞ ለኮምፒዩተር የነገረው አንድ ትልቅ ድርጅት አይደለም፤ በዓለም ዙሪያ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ግን ሁላችንም ወደምናውቀው ግምጃ ቤት ልውሰዳችሁ፤ ወደ እድር ዕቃ ቤት።

ጀሞም ሆነ ለቡ፣ መካኒሳም ሆነ ሃና ማርያም፣ እድር የሌለው ሰፈር የለም። የእድሩ ዕቃ ቤት ሲከፈት ድንኳኑ ተጠቅልሎ፣ አግዳሚ ወንበሩ ተደርድሮ፣ ሳህኑ በማዳበሪያ ታስሮ፣ ብረት ድስቱ እርስ በርሱ ተደራርቦ ይታያል። አንድ አባል ልጁን ከዳረ በኋላ የተረፈውን ትልቅ ድስት ለእድሩ ልስጥ ብሎ አመጣ እንበል። ንብረት ያዡ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብሎ ይመርቃል፤ መርቆ ግን አያበቃም። ድስቱን ገልብጦ ያየዋል። ብርሃን ላይ ይዞ ቀዳዳ እንዳለው ይመረምራል። ጆሮው እንዳይነቀል ያወዛውዘዋል። ክዳኑ ልኩ መሆኑን ይገጥማል። ከዚያ በቀይ ቀለም የእድሩን ምልክትና ቁጥር ይጽፍበታል፤ ቁጥሩን፣ የሰጪውንም ስም መዝገብ ላይ ያሰፍራል።

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ቀዳዳው ድስት የሚያፈስሰው ዛሬ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ሳይሆን ነገ በለቅሶ ቤት፣ ሰው በተሰበሰበበት ቀን ስለሆነ ነው። ያን ዕለት የሚያፍረው ሰጪው አይደለም፤ ልቡ የተሰበረው ባለ ለቅሶ ነው። ስለዚህ የንብረት ያዡን ጥንቃቄ ንፍገት ነው የሚለው የለም። ለጋስነትን የሚያስከብረው የእሱ ጥንቃቄ ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን፤ እውነት ነው። ሆኖም ሃምሳው ሎሚ አንድ ዘንቢል ውስጥ ሲገባ የበሰበሰውን የሚለይ አንድ ሰው ያስፈልጋል። አለበለዚያ አንዱ ሁሉንም ያበላሻል። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ ለጋራ ግምጃ ቤት መስጠት መልካም ነው፣ በአግባቡ መቀበል ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ለግምጃ ቤቱ ዕድሜ የሚሰጠው ሁለተኛው ነው።

አሁን ወደ ዋቢው እንመለስ።

ምንጭ መጥቀስ ለእኛ ባዕድ ልማድ አይደለም። በአንድምታ ትርጓሜ መምህሩ ከመጽሐፍ ቃል ሲያመጣ መጨረሻው ላይ «እንዲል» ይላል። ይህች አንዲት ቃል «ይህ የእኔ አይደለም፤ ከእገሌ የወሰድኩት ነው» የምትል የሐቀኝነት ምስክር ናት። ከዚህም በላይ የትርጓሜ ቤቶቻችን የላይ ቤትና የታች ቤት ሲባሉ፣ አንዱ የሌላውን ሳይሰርዝ «አንድም» እያለ አማራጩን ከነባለቤቱ አቆይቷል። ልዩነትን ሳያደባልቁ አብሮ ማኖር እነዚያ መምህራን ጠንቅቀው ያወቁት ጥበብ ነበር።

ዛሬ በዓለም የተለመዱት የዋቢ ስልቶችም ታሪክ አላቸው። ሃርቫርድ የሚባለው፣ የደራሲውን ስምና ዓመቱን በቅንፍ የሚያስቀምጠው ስልት፣ ኤድዋርድ ሎረንስ ማርክ የተባለ የሥነ እንስሳት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1881 ባወጣው ጽሑፍ የተጀመረ ነው ይባላል። የቺካጎው መምሪያ እ.ኤ.አ. በ1906 ታተመ። የአሜሪካ የሥነ ልቡና ማኅበር መምሪያ፣ ተማሪዎቻችን ኤፒኤ የሚሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1929 በጥቂት ገጾች መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ ነበር። የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 በካናዳዋ ቫንኩቨር ተሰብስበው በቁጥር የሚጠቅሰውን ስልት አስማሙ። እያንዳንዱ ደንብ አንድ ቦታ፣ አንድ ችግር ለመፍታት በሰዎች ተጻፈ። ከሰማይ የወረደ የለም። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ያስፈልገናል።

ኮምፒዩተር ሲመጣ እነዚህን ደንቦች ለማሽን የሚናገር ቋንቋ ግድ ሆነ። የጂኦግራፊ ምሁሩ ብሩስ ዳርከስ ሲኤስኤል የሚባለውን የዋቢ ስልት ቋንቋ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2006 ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የወጣው ዞቴሮ የተባለ ነጻ ሶፍትዌር ተጠቀመበት፤ ቆይቶም ሜንደሊና ሌሎች ተከተሉ። ደንቦቹ ጊትሀብ በሚባለው የጋራ መሥሪያ ቦታ ላይ ተከማቹ፤ ዛሬ ቁጥራቸው ከ10,000 በላይ ነው። ሪንትዘ ዘለና ሰባስቲያን ካርቸርን የመሳሰሉ ሰዎች ለዓመታት ሌሎች የላኩትን እየመረመሩ፣ እያረሙ፣ እያስገቡ አገልግለዋል። የግምጃ ቤቱ ንብረት ያዦች እነዚህ ናቸው ማለት ይቻላል።

10,000 ደንብ እንዴት ይጠበቃል? ምሥጢሩ አብዛኞቹ ራሳቸውን የቻሉ ደንቦች አለመሆናቸው ነው። አንድ አሳታሚ በመቶ የሚቆጠሩ መጽሔቶች ይኖሩትና ሁሉም አንድ ስልት ይከተላሉ። ግምጃ ቤቱ መቶ ጊዜ አይገለብጠውም። አንድ ወላጅ ፋይል ይጻፋል፤ ልጆቹ «እኔ እገሌ መጽሔት ነኝ፣ ደንቤ የዚያኛው ነው» ብለው የሚያመለክቱ ጥቃቅን ፋይሎች ናቸው። ወላጁ ሲታረም ልጆቹ ሁሉ አብረው ይታረማሉ። ወላጁ ሲበላሽም አብረው ይበላሻሉ። ስለዚህ ወላጅ ፋይል የሚነካ እጅ ጠበቅ ያለ ምርመራ ያገኘዋል።

አቀባበሉን ቀረብ ብለን እንየው። አንድ ተመራማሪ የሚጽፍለት መጽሔት ደንቡን መቀየሩን አየ እንበል። ከግምጃ ቤቱ ቅጂ ያወጣል፤ በቅጂው ላይ ያስተካክላል፤ «ይህን ለውጥ ተቀበሉኝ» ብሎ ይልካል። የመጀመሪያው ተቀባይ ሰው አይደለም፤ በራሱ የሚሠራ ፍተሻ ነው። ፋይሉ በቋንቋው ሰዋስው መሠረት መጻፉን፣ ስሙ ከውስጥ መለያው ጋር መስማማቱን፣ ተመሳሳይ ርእስ ያለው ሌላ ፋይል አለመኖሩን፣ የተጠቀሰው ወላጅ በእርግጥ መኖሩን፣ የፈቃድ መግለጫው መቀመጡን ያያል። ማሽኑ የሚችለው ይህን ነው፤ ክዳኑ ልኩ መሆኑን መግጠም ነው።

ከዚያ ሰው ይመጣል። «ይህ ደንብ የት ተጻፈ?» ብሎ ይጠይቃል። ላኪው የመጽሔቱን መመሪያ ማሳየት አለበት። ገምጋሚው ደንቡን በመጽሔቱ ላይ ከታተሙ ዋቢዎች ጋር ያስተያያል። ነጥቡ ሳይገባ ቀርቶ ከሆነ፣ ሥያሜው ከልማዱ ወጥቶ ከሆነ አስተያየት ይጽፋል። ላኪው አርሞ ይመልሳል። ሲስማሙ ለውጡ ይገባል፤ በየሰዉ ኮምፒዩተር ላይ ያለው ሶፍትዌርም አዲሱን ደንብ እየወሰደ ይታደሳል።

የማይቀበሉትም አለ። «አማካሪዬ ኮማ ስለማይወድ ያለ ኮማ ላክሁላችሁ» የሚል ሰው ይመለሳል። የግሉን ስልት በራሱ ኮምፒዩተር ላይ መጫን ይችላል፤ ያ መብቱ ነው። የጋራው ዕቃ ቤት ግን ለብዙ ሰው የሚያገለግለውን ነው የሚይዘው። አሮጌ ስምም ዝም ተብሎ አይጣልም። አንድ ስልት ስሙ ሲለወጥ የድሮው ስም ወዴት እንደሄደ የሚናገር መዝገብ አለ፤ ትናንት በድሮ ስሙ ይጠቀምበት የነበረ ሰው ዛሬ ባዶ እጁን አይቀርም።

ሁለት ነገር ልጨምር። ደንቦቹ ማንም እንዲጠቀምባቸው፣ እንዲያሻሽላቸውም በሚፈቅድ የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ሥር ናቸው፤ የሚያሻሽለውም በዚያው ፈቃድ መልሶ ማካፈል አለበት። የጸሐፊውና የአሻሻዩ ስም ደግሞ ፋይሉ ውስጥ ተጽፎ ይኖራል። በድስቱ ላይ ያለው ቀይ ቁጥርና በመዝገቡ ላይ ያለው የሰጪ ስም ማለት ነው።

አሁን የራሳችንን ጉዳይ እንመልከት። የኢትዮጵያ ጸሐፊ ወደዚህ ግምጃ ቤት ሲመጣ ሦስት ችግር ይገጥመዋል። ሦስቱም አንድ ይመስላሉ፤ የሚፈቱት ግን በሦስት በር ነው።

የመጀመሪያው ስም ነው። የጂኦግራፊ ሊቁን የፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምን ስም በውጭ አገር የዋቢ ዝርዝሮች ውስጥ ፈልጉት። አንዱ ጋ «መስፍን ወልደ ማርያም» ተብሎ ይገኛል። ሌላው ጋ «ወልደ ማርያም፣ መ.» ሆኗል። ሌላው ጋ ደግሞ «ማርያም፣ መ. ወ.» ተብሎ ተጽፏል። በዚህ በመጨረሻው አጻጻፍ መጽሐፉን የጻፈችው «ማርያም» ናት። በአገራችን የቤተሰብ ስም የለም፤ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው፣ የሚከተለው የአባቱ ስም ነው። የአባትን ስም ወደ ፊት ማምጣት ሰውየውን ሰርዞ አባቱን ደራሲ ማድረግ ነው። «ወልደ ማርያም»፣ «ገብረ ሕይወት»፣ «ተክለ ጻድቅ» የመሳሰሉት ደግሞ ሁለት ቃል ቢሆኑም አንድ ስም ናቸው፤ መሐላቸው ሲቆረጥ ትርጉማቸውም ይቆረጣል።

ብዙዎቻችን ይህን ስናይ «ስልቱ ኢትዮጵያዊ አይደለም» ብለን ደንቡን እንከስሳለን። ጥፋቱ ግን ደንቡ ውስጥ አይደለም፤ ስሙን ያስገባንበት ሣጥን ውስጥ ነው። ዞቴሮ የደራሲ ስም ሲጠይቅ ሁለት ሣጥን ያቀርባል፤ አንዱ ለቤተሰብ ስም፣ አንዱ ለግል ስም። ከጎኑ ግን አንዲት ትንሽ ቁልፍ አለች። ስትጫኗት ሁለቱ ሣጥኖች አንድ ይሆናሉ። እዚያ «መስፍን ወልደ ማርያም» ብላችሁ ሙሉውን ጻፉ። ከዚያ በኋላ ኤፒኤም ሆነ ቺካጎ ስሙን አይገለብጠውም፣ አይቆርጠውም። በዚያው ዝርዝር ውስጥ ያሉት ፈረንጆች በቤተሰብ ስማቸው ይሰለፋሉ፤ እኛ በራሳችን ስም እንሰለፋለን። ይህ እንግዳ ልመና አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በጀርመን በአምስት ቅጽ የታተመው ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ ኢትዮጵያውያንን ያስቀመጠው በራሳቸው ስም ፊደል ተራ ነው። የመጀመሪያው በር የእያንዳንዳችን እጅ ነው፤ ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ችግር ዓመት ነው። የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ኤድዋርድ ኡሌንዶርፍ ስለ ኢትዮጵያውያን የጻፈው መጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ሁለቱ በዘመን ቅደም ተከተል ቢደረደሩ ማሽኑ 1958ን ከ1960 ያስቀድማል። እውነቱ ግን የኡሌንዶርፍ መጽሐፍ አምስት ዓመት ገደማ መቅደሙ ነው። ስለዚህ «1958 ዓ.ም. (1965/66)» ብሎ ሁለቱንም መጻፍ የብዙ ተመራማሪ ልማድ ሆኗል። ግን የትኛው ቅድሚያ ያገኛል? በጽሑፉ መሐል በቅንፍ ሲጠቀስ የትኛው ይገባል? ይህን የሚወስነው ተማሪው አይደለም፤ መጽሔቱና የትምህርት ክፍሉ ናቸው። ሁለተኛው በር የተቋማት በር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ገጠመኝ ልንገራችሁ። የመመረቂያ ጽሑፏን እንዳነብላት የለመነችኝ አንዲት ተማሪ ነበረች። ከአንዱ መምህር «ዓ.ም. አውጪ»፣ ከሌላው «ዓ.ም. መልሺ» ተብላ የዋቢ ዝርዝሯን ሦስት ጊዜ አሳተመች። ሁለቱንም «የክፍሉ ደንብ የት ተጽፏል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። የተጻፈ አልነበረም፤ እያንዳንዱ የተማረበትን ልማድ ነበር ይዞ የቆየው። ያልተጻፈ ደንብ ለኮምፒዩተር አይነገርም። ከዚያ የከፋው ግን ለተማሪም አይነገርም፤ ተማሪው የሚያውቀው ከተሳሳተ በኋላ ነው። የሲኤስኤል ግምጃ ቤት ስልት ሲቀበል «መመሪያው የት አለ?» የሚለው ለዚህ ነው። እድርም ያለ መተዳደሪያ ደንብ አይቆምም።

አገራችን ደግሞ ለዚህ አዲስ አይደለችም። የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ1962፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ይታተማሉ። ከ60 ዓመት በላይ የዳበረ የአዘጋጅነት ልምድ አለን። ያ ልምድ በአዘጋጆች ጭንቅላትና በአሮጌ እትሞች ገጽ ላይ ብቻ እንዳይቀር ደንብ ሆኖ መጻፍ፣ ለሁሉም መታየት አለበት።

ሦስተኛው ችግር ወር ነው። የዋቢ ቋንቋው ለየአገሩ ልሳን የቃላት ፋይል አለው፤ «ገጽ»፣ «ቅጽ»፣ «አዘጋጅ»፣ «እና ሌሎች» የሚሉት ቃላት፣ የወራት ስሞችም የሚቀመጡበት ነው። ለወር የተሠራው ቦታ አሥራ ሁለት ነው። አዲስ ዘመን ጋዜጣ በጳጉሜን ያወጣውን ጽሑፍ የሚጠቅስ ሰው አሥራ ሦስተኛ ቦታ ቢፈልግ የለም። ይህን ጉድለት የትኛውም ስልት፣ የትኛውም ጥንቃቄ አይሞላውም። መሠረቱ ራሱ መሰፋት አለበት። ሦስተኛው በር የቋንቋው ባለቤቶች በር ነው፤ እዚያ የሚያስገባው ልመና ሳይሆን በምሳሌ የተደገፈ ማብራሪያ ነው። በናጎያ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው የሕግ ምሁሩ ፍራንክ ቤኔት ለሕግ ጽሑፎችና ለብዙ ልሳን ዋቢዎች የሚስማማ መሣሪያ የሠራው ችግሩን በዝርዝር አሳይቶ መፍትሔውን በራሱ እጅ ስለጻፈ ነው። ቅድም ልብ በሉልኝ ያልኋችሁ ለዚህ ነው፤ ደንብ በሰው ይጻፋል፣ በሰውም ይሻሻላል። ከእኛ መካከልም ይህን የሚሠራ ሰው መውጣት አለበት።

እንግዲህ በየትኛው በር መግባት እንዳለብን ሳናውቅ የምናቀርበው ቅሬታ፣ ቅን ቢሆንም፣ የንብረት ያዦቹን ጊዜ ይበላል። ደመወዝ የማይከፈላቸው ሰዎች ናቸው። ስሙን በሁለት ሣጥን አስገብቶ «ስልታችሁ ስህተት ነው» ብሎ የሚጽፍ ሰው፣ ቀዳዳ ድስት አምጥቶ «ለምን አልተቀበላችሁኝም» ከሚል ለጋስ አይለይም። ጉድለቱ የት እንዳለ ለይቶ፣ መመሪያውን አያይዞ፣ ሁለት ሦስት የታተሙ ምሳሌዎችን አቅርቦ የሚመጣ ሰው ግን ግማሹን የመቀበል ሥራ ሠርቶ መጥቷል። ለጋራ ቤት የሚሰጥ የተመረመረ ስጦታ ይስጥ።

ስለዚህ በሦስት ነገር አደራ እላለሁ።

መምህራንና የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች፣ የዋቢ ደንባችሁን ጻፉ። ስለ ስም፣ ስለ ዓ.ም.፣ ስለ ወር ምን እንደምትሉ ከሁለትና ከሦስት ገጽ አይበልጥም፤ ጽፋችሁ ማንም ሊያየው በሚችልበት ቦታ አስቀምጡት።

የኮምፒዩተር ሙያ ያላችሁ ወጣቶች፣ የሲኤስኤል ፋይል በተራ ጽሑፍ የተጻፈ ነው፤ ከፍታችሁ አንብቡት። የአንድ አገራዊ መጽሔት ደንብ ከመመሪያው ጋር አስማምታችሁ ወደ ግምጃ ቤቱ ላኩ። ቢመለስባችሁ አትቀየሙ፤ አርማችሁ ላኩ። ድስቱን ገልብጦ የሚያይ ሰው ጠላታችሁ አይደለም።

ተማሪዎች፣ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ የዋቢ ዝርዝራችሁን ክፈቱ። በየመስመሩ ሂዱ። መጽሐፉን የጻፈውን ሰው ትቶ አባቱን ደራሲ ያደረገ መስመር ካለ፣ ቁልፏን ተጭናችሁ ሙሉ ስሙን መልሱለት።